ሁለት ቤቶች በግሬኖብል፤ የሕዝብ ገንዘብ ለኪነ ጥበብ ስለሚሰጥበት ውል

፩

በ1968 በፌብሩዋሪ ወር የፈረንሳይ የባህል ጉዳይ ሚኒስትር አንድሬ ማልሮ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በግሬኖብል ከተማ ሁለት ቤቶችን መርቀው ከፈቱ። አንደኛው በአዲስ ፕላን በሲሚንቶና በብረት የተሠራው «የባህል ቤት» ነበር። ሁለተኛው ከከተማይቱ በላይ በተራራ ወገብ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በተመሠረተ የሴት መነኮሳት ገዳም ውስጥ የገባው የዶፊኔ ቤተ መዘክር ነበር። በዚያው ወር የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታ በከተማይቱ ይደረግ ስለ ነበረ፣ መንግሥትም ማዘጋጃ ቤቱም ለእንግዳ የሚታይ ነገር ሁሉ በጊዜው እንዲያልቅ ተጣድፈው ነበር።

ከሁለቱ ቤቶች ስሙ ይበልጥ የታወቀው የመጀመሪያው ነው። መንግሥት ለኪነ ጥበብ ስለሚሰጠው ገንዘብ የሚከራከሩ ሰዎች ስለ ባህል ቤቱ ብዙ ተናግረዋል፤ ቤተ መዘክሩ ግን የባላገር ዕቃ ለሚያጠኑ ሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ሚኒስትር እጅ የተከፈቱ ናቸውና፣ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ መመርመር ለየብቻቸው ሲታዩ የማይገለጠውን ነገር ይገልጣል። ጥያቄው ይህ ነው፤ መንግሥት ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ የኪነ ጥበብ ቤት ሲሠራ፣ ገንዘቡ በምን ዐይነት ውል ቢሰጥ ነው ቤቱ በእውነት የዚያ ሕዝብ ቤት የሚሆነው? ጥያቄው የግሬኖብል ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1945 መመለስ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ ከጀርመን ወረራ ነጻ እንደ ወጣች ዣን ዳስቴ የተባሉ የቴአትር ሰው በግሬኖብል አንድ የተዋንያን ጓድ አቋቋሙ። የዳስቴ እምነት፣ ከፓሪስ ውጭ ያለው ሕዝብ ፓሪስ አይታ የጠገበችውን ትርፍራፊ ሳይሆን ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ቴአትር ይገባዋል የሚል ነበር። ጓዱ ግን ያለ ርዳታ ሊኖር አልቻለም፤ የከተማይቱም ማዘጋጃ ቤት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለመስጠት አልፈቀደም። ስለዚህ ዳስቴ በ1947 ጓዛቸውን ጠቅልለው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሴንት ኤትየን ሄዱ። በዚያ የተመሠረተው የሴንት ኤትየን ኮሜዲ እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ነው።

ዳስቴን የተቀበለቻቸው ከተማ ብቻዋን አልነበረችም። ወይዘሪት ሎራን የተባሉ ሹም ከ1946 እስከ 1952 ድረስ በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ የቴአትርን ጉዳይ ሲመሩ፣ በኮልማር፣ በሴንት ኤትየን፣ በቱሉዝ፣ በሬንና በኤክስ ብሔራዊ የድራማ ማዕከሎች እንዲቋቋሙ አድርገዋል። የእርሳቸው አሠራር ቀላል ነበር፤ ሕንፃ ከመሥራት አስቀድሞ ሰው ይፈለጋል፤ ሥራውን የጀመረና አካባቢውን የሚያውቅ ጓድ ሲገኝ መንግሥት ከከተማው ጋር ሆኖ ይደግፈዋል። ብዙዎቹ ጓዶች በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በገበያ ቦታና በትንንሽ ከተሞች እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም የሚውለው በቀጥታ ለሥራው ነበር።

ግሬኖብል ዳስቴን በመሸኘቷ ያጣችውን ነገር በትክክል የተገነዘበችው ዘግይታ ነው። ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ ገንዘብ መከልከልም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። ብዙ ጊዜ ሹማምንት ለኪነ ጥበብ ገንዘብ አለመስጠትን ምንም እንዳልተደረገ አድርገው ይቆጥሩታል። ዳሩ ግን የተከለከለው ጓድ ወይ ይሰደዳል ወይ ይበተናል፤ ተመልሶም በትእዛዝ አይሰበሰብም። ከተማይቱ ከ20 ዓመት በኋላ ያን ያህል ገንዘብ አውጥታ ትልቅ ሕንፃ ስትሠራ፣ በ1947 በጥቂቱ ልታቆየው ትችል የነበረውን ነገር እንደገና ለመግዛት መነሣቷ ነበር።

በዚያው ጊዜ በዚችው ከተማ ሌላም ነገር ተወልዷል። ጆፍር ዱማዝዲዬና ጓደኞቻቸው ከጦርነቱ ማብቂያ ላይ «ሕዝብና ባህል» የሚባለውን ማኅበር በግሬኖብል መሠረቱ። የማኅበሩ ዓላማ ሠራተኛውና ገበሬው ዕውቀትንና ጥበብን ከሌላ ሰው እጅ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ፣ በማንበብ፣ በመወያየትና በመሥራት ራሳቸው ባለቤት እንዲሆኑ ነበር። እንግዲህ የሕዝብ ትምህርት እንቅስቃሴ መነሻ በሆነችው ከተማ ውስጥ ነው ከዚህ ሐሳብ በመሠረቱ የተለየ ቤት በኋላ የተሠራው።

፫

የባህል ጉዳይ ሚኒስቴር በ1959 ሲቋቋም የመጀመሪያው ሚኒስትር የሆኑት አንድሬ ማልሮ ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም። በ1934 የንግሥተ ሳባን ከተማ ከሰማይ ላይ ለማግኘት ሲሉ ከጅቡቲ በአውሮፕላን ተነሥተው የየመንን በረሓ የቃኙት ደራሲ እርሳቸው ናቸው። ታላቁን ነገር ከከፍታ ላይ ሆኖ የመፈለግ ጠባይ በሚኒስትርነታቸውም ዘመን አልተለያቸውም።

በ1959 በወጣው ድንጋጌ መሠረት የሚኒስቴሩ ተግባር የሰው ልጅን፣ ይልቁንም የፈረንሳይን ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች ለተቻለው ያህል ብዙ ሰው እንዲደርሱ ማድረግ ነበር። ማልሮ ይህን ተግባር ለመፈጸም በየአውራጃው አንድ የባህል ቤት እንዲሠራ ዐሰቡ። ሐሳባቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ ታላቅ ሥራ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ሰው ከሥራው ፊት ለፊት ከተገናኘ ሥራው ራሱ ይናገረዋል፤ ስለዚህ የመንግሥት ድርሻ መንገዱን ማሳጠርና ዋጋውን ማርከስ ነው። ከዚህ የተነሣ የባህል ቤት ትምህርት ቤት አይሆንም፤ ሥራቸው ሌላ ሆኖ በትርፍ ጊዜያቸው የሚዘፍኑና የሚጫወቱ ሰዎችም መድረክ አይሆንም፤ የአካባቢው ልማዳዊ ጥበብ የሚታይበትም ቦታ አይደለም። በመድረኩ ላይ የሚወጣው በየሙያው የላቀው ብቻ ነው። የሕዝብ ትምህርት ጉዳይም ወደ አዲሱ ሚኒስቴር ሳይዛወር ለወጣቶችና ለስፖርት መሥሪያ ቤት ተትቶ ቀረ።

የገንዘቡ ውል ከሐሳቡ ይልቅ አዲስ ነበር። ሕንፃውን ለመሥራትም ሆነ በየዓመቱ ለማስተዳደር የሚያስፈልገውን ወጪ መንግሥትና ከተማው እኩል በእኩል ይከፍላሉ። ቤቱን የሚያስተዳድረው የመንግሥትም የከተማውም መሥሪያ ቤት ሳይሆን በማኅበራት ሕግ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ በቦርዱ ውስጥ የመንግሥት፣ የከተማውና የተጠቃሚዎች ወኪሎች ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሩ በሁለቱ ከፋዮች ስምምነት ከተሾመ በኋላ ምን ተውኔት እንደሚታይና ምን ሙዚቃ እንደሚሰማ ራሱ ይወስናል። በዚህ ረገድ ውሉ ብልህ ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጠው እጅ መድረኩን እንዳያዝ በመሐል ሦስተኛ አካል አቁሟልና።

የመጀመሪያው ቤት በ1961 በለ ሀቭር ተከፈተ፤ ቡርዥ፣ አሚየንና ሌሎችም ተከተሉ። ማልሮ በ1966 በሕዝብ ምክር ቤት ቀርበው፣ ቤቶቹን ሁሉ ለመሥራት የሚጠየቀው ገንዘብ 25 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ከሚሠራበት እንደማይበልጥ አስረድተዋል። አነጋገሩ ለጊዜው የሚረታ ነበር፤ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ጎዳና አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ብዙ ዓመት በጥቂት ጥገና ይኖራል፤ የባህል ቤት ግን ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ የሚበላ ቤት ነው። ሥራው የሚጀምረው ግንበኛው ወጥቶ በሄደ ጊዜ ነው። የማሠሪያውን ዋጋ ከጎዳና ጋር ማስተያየት የማኖሪያውን ዋጋ ከሕዝቡም ከምክር ቤቱም ዐይን ሰወረው። ማልሮ በ1969 ከሥልጣን ሲወርዱ በየአውራጃው አንድ ይሠራሉ የተባሉት ቤቶች 10 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በአገሩ ውስጥ ያሉት አውራጃዎች ግን ከ90 በላይ ናቸው።

፬

የግሬኖብል የባህል ቤት በሕንፃነቱ ሊደነቅ ይገባዋል። ፕላኑን ያወጡት የለ ኮርቡዚዬ የረጅም ጊዜ ረዳት የነበሩት አንድሬ ቮገንስኪ ናቸው። በውስጡ ሦስት አዳራሾች ነበሩ፤ ከ1,000 ሰው በላይ የሚይዝ ትልቅ አዳራሽ፣ ትንሽ አዳራሽ፣ በመካከላቸውም በጊዜው ብዙ የተነገረለት «ተንቀሳቃሽ ቴአትር»። በዚህ ቴአትር 500 ያህል ተመልካቾች የሚቀመጡበት ክብ ወለል እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ መድረኩም እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይከባቸዋል። ተመልካቹ ተዋናዩን ሊከተል ዐይኑን ብቻ ሳይሆን ወንበሩን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ነገር ግን ቴአትር የሚኖረው በመዞር ነው። አንድ ጓድ ብዙ ወር የደከመበትን ተውኔት በአንድ ከተማ ጥቂት ሌሊት አሳይቶ ወጪውን አይመልስም፤ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ አለበት። ለተንቀሳቃሹ ቴአትር ተብሎ የተዘጋጀ ሥራ ግን በሌላ መድረክ ሊታይ አይችልም፤ ለሌላ መድረክ የተዘጋጀም ወደዚህ ሲመጣ መሽከርከሪያው ትርፍ ይሆንበታል። ስለዚህ ከሁሉ የተደነቀው ክፍል ለሠራተኛው ከሁሉ የከበደው ክፍል ሆነ። ከ1998 ጀምሮ ሕንፃው በሰፊው ታድሶ በ2004 ኤም ሴ ዱ በሚል ስም እንደገና ሲከፈት፣ ተንቀሳቃሹ ቴአትር ቀርቶ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ አንድ ጊዜ ለመትከል፣ ሌላ ጊዜ ለመንቀል ተከፈለ።

ይህን መናገር አርክቴክቱን ለመንቀፍ አይደለም። ሕንፃው የሚያስተምረው አንድ የማይለወጥ ሕግ ነው፤ በኪነ ጥበብ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚበላው ግድግዳው ነው። ማሞቂያው፣ መብራቱ፣ ዘበኛው፣ የመድረኩ መካኒክና የጣራው ጥገና ደመወዛቸውንና ዋጋቸውን ከተቀበሉ በኋላ የተረፈው ለጥበበኛው ይደርሳል። ርዳታው ሳይጨምር የኑሮ ዋጋ ሲጨምር የሚቀነሰው ከግድግዳው ድርሻ ሳይሆን ከጥበበኛው ድርሻ ነው፤ ግድግዳው አይለምንም፣ አይሰናበትምና። ሕንፃው ትልቅ በሆነ መጠን ይህ ሕግ ይጠብቃል።

የሆነ ሆኖ ከተማይቱ ቤቱን የሠራችው ተገዳ አይደለም። በ1965 ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ኡበር ዱብዱ በአቶሚክ ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ኢንጂኔር ናቸው። ግሬኖብል በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲዋና ፋብሪካዎችዋ እየሰፉ ከአራት ማዕዘን ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ነበረች፤ ለዚህ አዲስ ሕዝብ የጋራ መሰብሰቢያ እንዲኖረው ማሰብ ተገቢ ነበር። የቤቱም አዳራሾች ባዶ አልነበሩም። ጉዳዩ ሰው መጣ ወይስ አልመጣም ሳይሆን፣ ማን መጣ የሚለው ነው።

፭

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቶሎ መጣ። በ1966 ፒየር ቡርዲዩና አላን ዳርቤል ስለ አውሮፓ የሥዕል ቤተ መዘክሮች ጎብኚዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰውን ከበር የሚያስቀረው የመግቢያ ዋጋው ብቻ ሳይሆን በትምህርትና በአስተዳደግ የሚወረሰው ልማድ መሆኑን አሳዩ። ይህ በማልሮ ሐሳብ ላይ ከባድ ምት ነበር። ሥራው ራሱ ለሁሉም የሚናገር ቢሆን ኖሮ በሩን መክፈት በበቃ ነበርና።

ቤቱ ከተመረቀ ከሦስት ወር በኋላ የ1968ቱ የሜይ ዐመፅ ተነሣ። በዚያ ወር የሕዝብ ቴአትሮችና የባህል ቤቶች ዳይሬክተሮች በሊዮን አጠገብ በምትገኘው በቪለርባን ተሰብስበው ሜይ 25 ቀን አንድ መግለጫ አወጡ። መግለጫውን ያዘጋጁት ፍራንሲስ ዣንሶን ሲሆኑ፣ በውስጡ «ሕዝበ ተመልካች ያልሆነ» ብሎ መተርጎም የሚቻል አዲስ ቃል ነበረበት። ቃሉ የሚያመለክተው ወደ እነዚህ ቤቶች ፈጽሞ የማይመጣውን፣ ሊመጣም የማይታሰበውን ብዙ ሕዝብ ነው። ዳይሬክተሮቹ በገዛ አፋቸው የተናገሩት፣ በሕዝብ ገንዘብ የቆሙት ቤቶች ከሕዝቡ የበዛውን ክፍል እንዳላገኙት ነበር።

ይህ ቅን ንግግር ቢሆንም በውስጡ የተሸሸገ ስሕተት አለ። ከባህል ቤቱ ውጭ የቀረው ሰው ከባህል ውጭ የቀረ ሰው አይደለም። የአልፕስ እረኛ ዘፈን አለው፤ የእጅ ጓንት ሰፊው ሙያው አለው፤ ከጣሊያን ተሰዶ የመጣው ግንበኛ የቅዱሱን በዓል የሚያከብርበት ሥርዐት አለው። ማልሮ ሰውየውን ተቀባይ ብቻ አድርገው ቈጠሩት፤ የቪለርባን ሰዎች ደግሞ መቀበል እንኳ ያልቻለ አድርገው ቈጠሩት። ሁለቱም ሰውየው ሰጪ ሊሆን እንደሚችል አላሰቡም።

እኩል በእኩል የተባለውም ውል በዚያው ሰሞን ድካሙ ተገለጠ። ሁለት ከፋዮች እኩል ሲከፍሉ ቤቱ በሁለት እግር ቆሟል ማለት ነው፤ አንዱ ቢነሣ ግን ይወድቃል። በካን ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ በ1968 መጨረሻ ከመንግሥት ጋር የነበረውን ውል አፍርሶ ቴአትሩን ለራሱ መለሰ። መንግሥትም በበኩሉ በ1970ዎቹ ወደ ትንንሽና ርካሽ ማዕከሎች አዘነበለ። በ1982 በዣክ ላንግ ሚኒስትርነት የባህል ሚኒስቴር በጀት በእጥፍ አደገ፤ በ1991 የባህል ቤቶችና መሰሎቻቸው «ብሔራዊ መድረክ» በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ፤ ዛሬ ቊጥራቸው ከ70 ይበልጣል። የገንዘቡ መጨመር ብዙ ጥበበኞችን አኑሯል፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን ከ1973 ጀምሮ በሚኒስቴሩ በየጊዜው የተደረጉት የባህል ልማድ ጥናቶች፣ በቴአትርና በኮንሰርት ወንበር ላይ በሚቀመጠው ሰው ዘንድ የትምህርትና የሥራ ልዩነት ጸንቶ እንደ ኖረ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ችግሩ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አልነበረም።

፮

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት መሻገር ይገባል። የዶፊኔ ቤተ መዘክር በ1906 የተመሠረተው በኢፖሊት ሙለር ነው። ሙለር በከፍተኛ ትምህርት ቤት ያልተማሩ፣ ዕውቀታቸውን በራሳቸው ጥረት ያገኙ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። በአልፕስ መንደሮች እየዞሩ ማረሻውን፣ የልጅ አልጋውን፣ የወተት ዕቃውንና የበረዶ ጫማውን ከነስሙና ከነጥቅሙ ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ይህን ዕቃ ለቤተ መዘክር የሚገባ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር።

ቤተ መዘክሩ በ1968 ወደ ገዳሙ ከገባ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዣን ፒየር ሎራን የተባሉት ኀላፊ አሠራሩን ለወጡት። ዕቃውን በመስታወት ሣጥን ደርድሮ ከማሳየት ይልቅ፣ አንድን ጉዳይ እንደ ታሪክ የሚተርክ ጊዜያዊ ትርኢት ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ለዚህም የዕቃው ባለቤት የነበሩትን ሰዎች ምስክርነት ይጠይቁ ነበር። በኋላም በዣን ክሎድ ዱክሎ ጊዜ ቤተ መዘክሩ ሌላ እርምጃ ወሰደ። ተራሮቹን ብቻ ሳይሆን ወደ ተራሮቹ የመጡትን ሰዎች ጠየቀ። በ1988 ከጣሊያን ከኮራቶ ከተማ ስለ መጡት የግሬኖብል ነዋሪዎች፣ በ1990ዎቹም ስለ ግሪኮች፣ ስለ አርመኖችና ከሰሜን አፍሪካ ስለ መጡት ሰዎች ትርኢቶች ተዘጋጁ። የየማኅበረ ሰቡ አባሎች ፎቶግራፋቸውንና ዕቃቸውን ይዘው መጡ፤ የሕይወታቸውንም ታሪክ ተናገሩ። ትርኢቱ ሲከፈት እንግዶች ሆነው ሳይሆን ባለቤቶች ሆነው ገቡ።

በገንዘብ ረገድም ቤቱ የተለየ መንገድ ሄዷል። መጀመሪያ የከተማው ነበር፤ በኋላ ወደ ኢዜር አውራጃ አስተዳደር ተዛወረ። ከ2004 ጀምሮ የአውራጃው ቤተ መዘክሮች መግቢያ በነጻ ሆኗል። አንድ ከፋይ ያለው ቤት በአንድ ሰው ቊጣ ሊጐዳ ይችላል፤ ሆኖም ይህ ቤት ጠበቆቹ ብዙ ናቸው። የአያቱ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ የተሰቀለለት የከተማ ነዋሪ፣ ለዚያ ቤት የሚመደበው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ቤተ መዘክሩንም ያለ ነቀፋ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። የሕዝብን ኑሮ በትርኢት ማቅረብ አንድ አደጋ አለው፤ ሕያው የሆነው ነገር እንደ ሞተ ተቈጥሮ ሊገነዝ ይችላል። ዘፈኑ በካርድ ላይ ተጽፎ ዘፋኙ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ ጥቅሙ ለሊቃውንት ብቻ ነው። ቤተ መዘክር ያለፈውንና ያለውን ይጠብቃል እንጂ ያልነበረውን አዲስ ሥራ ለመውለድ የተሠራ አይደለም፤ አዲስ ተውኔት፣ አዲስ ዜማና አዲስ ጭፈራ የሚወለድበት መድረክ ግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች የአንድ ነገር ሁለት ግማሾች ናቸው። የ1968ቱ ስሕተት አንዱን መሥራት ሳይሆን፣ በመካከላቸው በር ሳያበጁ ለየብቻ መሥራት ነበር።

፯

የቅርቡ ዘመን ነገሩን ይበልጥ አስቸኳይ አድርጎታል። በ2014 በዲሴምበር የግሬኖብል ማዘጋጃ ቤት፣ የመንግሥት ድርሻ ስለ ተቀነሰበት ቊጠባ እንደሚያስፈልገው ገልጾ፣ በባህል ቤቱ ይኖር ለነበረው «የሉቭር ሙዚቀኞች» ኦርኬስትራ ይሰጠው የነበረውን 438,000 ዩሮ ፈጽሞ አቋረጠ። በ2023 የኦቬርኝ ሮን አልፕ ክፍለ ሀገር አስተዳደር በሊዮን ላለ አንድ የወጣቶች ቴአትር ይሰጥ የነበረውን 149,000 ዩሮ አነሣ፤ ይህም የሆነው የቴአትሩ ዳይሬክተር የክፍለ ሀገሩን የባህል አመራር በአደባባይ ከነቀፉ በኋላ ነው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የፔዪ ደ ላ ሏር ክፍለ ሀገር የባህል በጀቱን ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ።

እዚህ ላይ የገንዘብ ከፋዮቹንም ቃል መስማት ይገባል። ሕዝብ የመረጠው ሹም የሕዝብን ገንዘብ የመመደብ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑ መስጠትን ብቻ ሳይሆን መንፈግንም ይጨምራል። ሐኪም ቤትና መንገድ የሚጠብቅ ሕዝብ እያለ ለኦርኬስትራ ለምን እንደሚከፈል መጠየቅ የመሃይም ጥያቄ አይደለም። የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን ጥያቄ በንቀት ሲያልፉት ራሳቸውን ይጐዳሉ። እንዲሁም አንድ ጓድ አንድ ጊዜ ርዳታ ስላገኘ ለዘላለም ይገባዋል ማለት አይደለም።

ዳሩ ግን ሦስቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። በቊጠባ መቀነስ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ተመርምሮ ስላልበቃ ማቋረጥ ሌላ ነው፤ የነቀፈን አንደበት ለመቅጣት መንፈግ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው አስተዳደር ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ ሦስተኛው በቀል ነው። ሦስቱ በአንድ ዐይነት ደብዳቤ፣ ምክንያቱ በአደባባይ ሳይዘረዘር፣ ተቀባዩ ሳይሰማ ሊፈጸሙ ከቻሉ፣ ሕዝቡ የትኛው እንደ ተደረገ ለማወቅ አይችልም። በ1959 የታሰበው ሦስተኛ አካል ያስፈለገው ለዚህ ነበር። በ2002 የወጣው ሕግ ብዙ ከፋዮች በጋራ አንድን የባህል ተቋም በሕጋዊ ሰውነት እንዲያቋቁሙ መፍቀዱ ይህን ጥበቃ ለማጠንከር ረድቷል፤ የግሬኖብልም ቤት በኋላ በዚህ ሕግ ተደራጅቷል። ሆኖም ተቋሙን ማጽናት በተቋሙ ውስጥ የሚሠራውን ጓድ ማጽናት አይደለም። በ2014 ሕንፃው አልተነካም፤ የተነካው ሙዚቀኛው ነው። ግድግዳው አይለምንም የተባለው ሕግ እዚህም ተፈጸመ።

፰

ከሁለቱ ቤቶች ታሪክ የሚወጣው ፍርድ እንግዲህ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ሰው ከግድግዳ ይቀድማል፤ በአካባቢው ሥራ የጀመረ ጓድ ሳይኖር የሚሠራ አዳራሽ በኋላ ባለቤት ይፈለግለታል። ሁለተኛ፣ የማሠሪያው ገንዘብ ሲፈቀድ የማኖሪያው ገንዘብ አብሮ ሊፈቀድ ይገባል፤ በማኖሪያውም ውስጥ የጥበበኛው ድርሻ ከሕንፃው ድርሻ ተለይቶ ሊጠበቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ውሉ ለብዙ ዓመት ሆኖ፣ መቋረጥ ቢያስፈልግ ምክንያቱ ተጽፎ ለሕዝብ ይነገር፤ ተቀባዩም ይሰማ። አራተኛና ዋናው፣ የአካባቢው ሰው በቤቱ ውስጥ በተመልካችነት ብቻ ሳይሆን በሰጪነት ይግባ፤ ለሚሰጠውም ዕውቀት እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈለው።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ነገር አይደለም። ፓሪስ በፈረንሳይ ውስጥ የያዘችውን ስፍራ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ውስጥ ይዛ ኖራለች፤ የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1935፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም በ1955 የተከፈቱት በዚያው በዋና ከተማው ነው። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥት ባህሎችን በእኩልነት እንዲደግፍ፣ ዐቅም በፈቀደ መጠንም ኪነ ጥበብን እንዲያስፋፋ ያዝዛል። «ዐቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ትክክለኛ ነው፤ ዐቅም ጥቂት ሲሆን ግን ምርጫው ይበልጥ ይከብዳል። ጥቂቱ ገንዘብ ሁሉ ወደ ሲሚንቶ ከገባ፣ በገናው የሚደረደረው፣ ክራሩ የሚመታው፣ ተረቱ የሚተረተው በምን ነው? አዳራሹ ከምርቃቱ በኋላ የስብሰባ ቦታ ብቻ ሆኖ ቢቀር፣ አዝማሪው በበሩ ፊት ለፊት ባለው ጠጅ ቤት እንደ ቀድሞው ይዘፍናል፤ ልዩነቱ በሩ አሁን ትልቅ መሆኑ ብቻ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የግሬኖብልን ሕንፃ መቅዳት ገንዘብ ለተገኘለት ሁሉ ይቻላል፤ መሽከርከሪያ ወለል እንኳ በትእዛዝ ይመጣል። ከግሬኖብል ሊወሰድ የሚገባው ግን ሕንፃው አይደለም። በ1947 ጓዛቸውን ጠቅልለው የሄዱትን ሰው ለማቆየት ምን ያህል ይበቃ እንደ ነበር፣ በ1988 ፎቶግራፍ ይዘው የመጡትን ሰዎች በሩ ላይ ማን እንደ ተቀበላቸው መጠየቅ ነው። የኪነ ጥበብ በጀት የሚረቀቅበት ጠረጴዛ ሁሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከመሐንዲሱ ፕላን አስቀድሞ ቢያነብ፣ የሕዝብ ገንዘብ ወደ ሕዝቡ የሚመለስበት መንገድ ያጥራል።